ሴቭ ባልኩ ቁጥር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው አንድ የጣት ልማድ ያወጣል። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ፣ ብዙ ጊዜም ሳይጨርስ፣ ግራ እጁ ሳያማክረው ሄዶ ኮንትሮልንና ኤስን ይጫናል። መብራት ሲሄድ ቀጠሮ አይዝማ። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሄደ ማለት ድርግም ማለት ነው። በዚያ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል ያድርና ጠዋት ጣት ይደነዝዛል። ጋቢ ተከናንቤ በስንት መከራ የጻፍኳት አንቀጽ ብትጠፋ መልሼ ለመጻፍ አንጀት የለኝም። ስለዚህ ሴቭ፣ ሴቭ፣ አሁንም ሴቭ።

ይህን ልማድ ይዤ ነው ቪም ወደሚባለው ኤዲተር፣ ማለትም ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የገባሁት። በመጀመሪያው ቀን ኮንትሮልና ኤስ ስጫን ስክሪኑ ቀጥ አለ። ብጽፍ አይቀበል፣ ብነካካው አይሰማ። ብርዱ መታው ብዬ ጋቢዬን ላለብሰው ምንም አልቀረኝም። ለካ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ቪም በሚሠራበት የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ፣ ያቺ ቁልፍ ሴቭ ማለት አይደለችም፤ «የምታሳየውን ለጊዜው አቁም» ማለት ናት፤ ከቴሌታይፕ ዘመን የተወረሰች ትእዛዝ። ኮንትሮልና ኪው ሲጫኑ ትለቃለች። ይህን ያወቅሁት ሶኬቱን ከነቀልኩ በኋላ ነው። ቪም በጎን ስዋፕ የሚባል ፋይል ስለሚይዝ የጻፍኩት አብዛኛው ሊመለስ ይችል እንደነበር ያወቅሁት ደግሞ ያንን ፋይል «ይሄ ምንድነው» ብዬ ካጠፋሁት በኋላ ነው።

በአማርኛ የተተረጎሙ ፕሮግራሞች ሴቭን «አስቀምጥ» ይሉታል። ሰው ግን ሴቭ ነው የሚለው፤ እኔም እንደ ሰው ነኝ። ቢሆንም «አስቀምጥ» የምትለዋ ቃል እናቴን ታስታውሰኛለች። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ እሷ ዘንድ ማስቀመጥ ብቻውን የሚቆም ሥራ አይደለም። ገብሱ ከአውድማ ሲገባ ይነፈሳል፣ በሰፌድ ይበጠራል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ጎታ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከገባ በኋላም አፉ ይመረጋል። «ሳይበጠር ጎታ አይገባም» ትለን ነበር፣ እኛ ልጆቹ ሰፌዱን ሸሽተን በየጥጋጥጉ ስንደበቅ። ለራሷ ግን ማንም አያስታውሳትም፤ እህል ባየች ቁጥር እጇ ወደ ሰፌዱ ነው።

ኤዲተሮችም ከማስቀመጥ በፊትና ከማስቀመጥ በኋላ ላለው ሥራ ሁለት በሮች አበጅተዋል። ቪም ፋይሉን ዲስክ ላይ ሊጽፍ ሲል «በፍ ራይት ፕሪ»፣ ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ «በፍ ራይት ፖስት» የሚል ጥሪ ያሰማል፤ ጥሪውን ሰምቶ የሚነሳ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ካዘጋጀህለት ሳትነግረው ይሠራል። ኢማክስ በሚባለው ሌላ ኤዲተር ላይ ስማቸው «ቢፎር ሴቭ ሁክ» እና «አፍተር ሴቭ ሁክ» ነው። ሁክ መንጠቆ ነው፤ የፈለግኸውን ታንጠለጥልበታለህ። ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ለሚጠቀም ሴቭ ሲባል ጽሑፉን የምታስተካክለውን «ፎርማት ኦን ሴቭ» ማብራት ይበቃዋል፤ ፋይሉ በየተወሰነ ጊዜ ራሱ ሴቭ እንዲሆን አድርጎ ከሆነ ግን በዚያ ሴቭ ላይ ማስተካከሉ አይሠራም። ብዙ ሰው «ተበላሸብኝ» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው። ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ጎፈምት የሚባለውን አስተካካይ ሴቭ ላይ ሳያንጠለጥሉ አይጀምሩም፤ ለነሱ ከምግብ በፊት እጅ እንደመታጠብ ነው።

ቪምን የመረጥኩት ፈላስፋ ሆኜ አይደለም። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ብቻ ስላለው ሌላው ሁሉ ከበደው። ቪም ከድሮ የመጣ ነው፤ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው ቪአይ የሚባል ኤዲተር ነበር፤ ብራም ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ የሱን አምሳያ አሻሽሎ በ1991 ቪምን አወጣ፤ እስካረፈበት እስከ 2023 ድረስም ሲያርሰው ሲኮተኩተው ኖረ። ፕሮግራሙ በነፃ ነው፤ ባዶውን ስትከፍተው ግን «ኡጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እርዱ» የምትል አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ ታሳይሃለች። መጀመሪያ ሳያት ሳቅ አለብኝ፤ አውሮፓ ተቀምጦ ለዚያ ማሰቡ ደግሞ ደስ አለኝ። ይህቺን «ድሃ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ትሠራኛለች።

የመጀመሪያዋ ስክሪፕቴ አንዲት መስመር ነበረች። ሴቭ ባልኩ ቁጥር በየመስመሩ ጫፍ የተንጠለጠለውን ባዶ ቦታ ትጠርጋለች። ማን ይጎዳል? ያኔ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቁጥር ከ5 ወደ 7 ለመቀየር አንድ የቆየ ፋይል ከፍቼ ቀየርኩና ሴቭ አልኩ። የፋይሉን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ግን ከ400 በላይ መስመር ተነክቷል አለ። ለካ በዚያ ፋይል ውስጥ ባዶ ቦታ ያልተንጠለጠለበት መስመር ጥቂት ነበር። ሳላየው ላክሁት። ከዚያ ወዲህ «ይህን መስመር ማን ጻፈው» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ጊት የሚጠራው የእኔን ስም ሆነ። ሲበላሽ ይደወልልኛል። «አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?» ኧረ በእግዜር! በዚያ ፋይል ውስጥ የእኔ የሆነችው አንዲት ሰባት ቁጥር ናት።

ያቺ ስክሪፕት ሌላም በደል አላት። ማርክዳውን በሚባለው አጻጻፍ በመስመር ጫፍ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ መተው «እዚህ ላይ መስመሩን ስበር» ማለት ነው። ግጥም የምትጽፍ ከሆነ ያቺ የማትታይ ሁለት ባዶ ቦታ ናት ስንኙን ከስንኙ የምትለየው። እሷን ጠረግሃት ማለት ግጥሙ ሲታተም እንደ ደብዳቤ ተያይዞ ይፈስሳል። ለዓይን ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ ባዶ አይደለም ብዬ ያኔ ብማር ኖሮ የኋላው ባልደረሰብኝ። አልተማርኩም፤ ስክሪፕቷን ማርክዳውን ላይ እንዳትሠራ አድርጌ አለፍኩ።

ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ በኋላ፣ ሰፈራችን ያሉ የኔታ አስጠሩኝ። በልጅነቴ ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ነው፤ አሁንም ሲጠሩኝ ጀርባዬ ላይ አለንጋ ያረፈ ይመስለኛል። አራት ደብተር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ የአገሩ ታሪክ፣ የትምህርታቸው ነገር፣ መሃል መሃል ላይ ስብከት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቅኔ በቁመቱ ተጽፎበታል።

«ልጄ፣ ይህቺን በኮምፒውተር አድርግልኝ። ከእኔ ጋር አብራ እንዳትቀበር» አሉኝ።

«እሺ የኔታ» ከማለት በቀር ምን ይባላል።

ግማሹን ራሴ ያዝኩ፤ ግማሹን ጽሕፈት ቤት ለምትሠራ ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። የእሷ ጣት ፈጣን ነው፤ የፍርድ ቤት አቤቱታ ሲያጽፉ ሰልፍ የሚያዝባት ልጅ ናት። ነገር ግን የጽሕፈት ቤት ልማድ አላት። አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ አትመታም፤ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ትመታለች። አንዳንዴም የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ። ወረቀት ላይ ሲወጣ ሦስቱም ያው አራት ነጥብ ነው የሚመስለው። ኮምፒውተሩ ዘንድ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሲገባ አራት ነጥብ የራሱን ቤት ተሰጥቶታል፤ ሁለት ነጥብም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገር ቁጠርልኝ ብትለው፣ ሁለት ሁለት ነጥብን እንደ መጨረሻ አያውቀውም፤ ሙሉ ምዕራፉን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ይልሃል።

ይህን ለማስተካከል ከሴቭ በፊት የሚሠራ ስክሪፕት አዲስ ጻፍኩ። የተደገመን ሁለት ነጥብ ወደ አራት ነጥብ ይለውጣል። ከአራት ነጥብና ከነጠላ ሰረዝ በፊት የገባውን ክፍተት ያወጣል። ከወርድ ሲቀዳ አብሮ የሚመጣውን የማይሰበር የሚባለውን ባዶ ቦታ ወደ ተራው ይመልሳል። የእንግሊዝኛውን የተደገመ ሁለት ነጥብ የሚነካው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ውስጥ ያ ምልክት ትርጉም ስላለው፣ እዚያ ላይ አራት ነጥብ ቢተክልበት ማሽኑ ያብዳል።

መጀመሪያ ላይ ሌላ ጣጣ ነበረው። ሴቭ ባልኩ ቁጥር ጠቋሚው ከምጽፍበት ቦታ ተነስቶ መጨረሻ ወደተስተካከለችው ነጥብ ይዘላል። ገጽ 40 ላይ ሆኜ ሴቭ እላለሁ፣ ገጽ 3 ላይ እገኛለሁ። እኔ ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ ሴቭ ባይ! ከመስተካከሉ በፊት ያለሁበትን ቦታ የሚያስታውስና ሲጨርስ የሚመልስ ሁለት መስመር ጨመርኩና ሰላም ሆነ። አንድ ሌላ መንጠቆም አበጀሁ፤ ይኼኛው የሴቭ አይደለም፤ ከመጻፊያው ሁነታ ስወጣ ኪቦርዱን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ነው። ቪም ትእዛዙን የሚቀበለው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ አማርኛው እንደበራ ወደ ታች ልውረድ ብለህ ጄ የምትባለዋን ቁልፍ ብትጫን ጅ የምትል ፊደል ትደርሰውና ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። አማርኛ በቪም የሚጽፍ ሰው ይህቺን ካላበጀ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ከሴቭ በኋላ ባለው በር ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አንጠለጠልኩ፤ ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥና ጊት ላይ መመዝገብ። እነዚህ አፉን እንደመምረግ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ።

ጥፋቱ የመጣው ከፍለጋ ነው። የኔታ የጠቀሱትን አንድ ዓመተ ምሕረት ፈልጌ «ዓመት» ብዬ ብጽፍ ግማሹን አጣዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅ «አመት» ብላዋለች። «ፀሐይ» በአምስት ዓይነት ተጽፏል። አማርኛን በማሽን የሚያቀነባብሩ ሰዎች ለዚህ የታወቀ መላ አላቸው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አስቀድመው ወደ አንድ ይሰበስቧቸዋል። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው፤ በንባብ አንድ የሆኑትን ሃን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አም እንዲሁ። ለፍለጋ ደንበኛ ዘዴ ነው። እኔም አነበብኩ፣ ወደድኩ፣ ጻፍኩ፤ ከዚያም ከሴቭ በፊት ባለው በር ላይ ሰቀልኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልታየኝም። ሴቭ ስል ዓይኔ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ሄዷል፤ ወደኋላ ተመልሼ ባነብም ጆሮዬ አንድ ነው የሚሰማው። ራሴ «ሥላሴ» ብዬ ጽፌ ከሴቭ በኋላ «ስላሴ» ሆኖ ቁጭ ሲል አላየሁትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አላየሁትም።

62 ገጽ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የኔታ ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መነጽራቸውን አጠለቁና ርእሱን አዩ። «ደብረ ብርሀን» ይላል። ጣታቸውን ሀ ላይ አሳርፈው ጥቂት ዝም አሉ። አላማረኝም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የከተማዋ አመሠራረት ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የኔታ ግን ደብተራቸው ውስጥ ኮከብ የሚል ቃል አላስገቡም።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው የኔታ።»

«አይደሉም። ዘርዐ ያዕቆብን አውቃቸዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። «አጼ ዘርአ ያእቆብ»። ያእቆብ! እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ቀጥሎ አንኮበር ሆነው ሸዋን የገዙት «ሳህለ ስላሴ» ተሰለፉ። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ ብቻ ስማቸው ሳይነካ ዳነ፤ በስማቸው ውስጥ ሁለት መልክ ያለው ፊደል ስለሌለ እንጂ ራርቼላቸው አይደለም። የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ እያሉ ገጽ ገለጡ። ስብከቱ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ና እስቲ አንብብልኝ፤ ዓይኔ ነው እንዴ?»

አነበብኩ። ጌታ ለዓለም ድኅነት ተወለደ።

«እንደ አፍህ ሳይሆን እንደተጻፈው።»

እንደተጻፈው ለአለም ድህነት ነው።

«ድህነቱማ ከሱ በፊትም ነበረ» አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በኀ የሚጻፈው መዳን ነው፤ በህ የተጻፈው ማጣት። የእኔ ስክሪፕት በሦስት ሳምንት ውስጥ 31 ቦታ ላይ አዳኙን አደህይቶታል። ያቺ ቪም ሲከፈት የማያት የኡጋንዳ ልጆች መስመር ትዝ አለችኝና እኔንም ሳቅ አፈነኝ፤ መሳቅ ግን አልደፈርኩም።

ያን ቀን ከሰዓት እንደገና ፊደል ቆጠርኩ። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ። መሀረ አስተማረ፤ መሐረ ይቅር አለ። ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ያው ሰረቀ። «ፀሐይቱንም ሌባ አድርገሃታል» አሉኝ፣ ገጽ 27 ላይ ያለውን ሠረቀ ፀሐይ በጥፍራቸው እየጫሩ። የአማርኛ ጆሮ እነዚህን ከለየ ዘመን ሆኖታል፤ አንዳንዱ ሰውም ፊደሉ ይቀነስ ይላል። በዚያ ክርክር ውስጥ እኔ የምገባ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የሰውን ጽሑፍ ልገለብጥ ተቀብዬ፣ ጸሐፊው እያወቀ የለየውን ሳላውቅ ማደባለቅ ሌላ ነገር ነው።

ቤት ገብቼ «ጊት አለልኝ» አልኩ። ከሴቭ በኋላ የተመዘገበው ሁሉ አለ፤ ወደኋላ እመለሳለሁ፣ ያለቀ ነገር ነው። አላለቀም። ነገሩን በቀስታ ሳስበው እግሬ ከዳኝ። ጊት የመዘገበው ከሴቭ በኋላ ነው፤ ስክሪፕቱ ደግሞ የሚሠራው ከሴቭ በፊት። ስለዚህ በነዚያ ሦስት ሳምንታት የጻፍኩት ጽሑፍ በትክክለኛ ፊደሉ አንድም ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። በሩ ላይ ነው የተቀየረው። ስክሪፕቱን ገልብጬ መልስ እንዳልለው ደግሞ ከሰ ተነስቶ ሰ ነበረ ወይስ ሠ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሁለት ወንዝ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ጠብታ የየትኛው ነው እንደማለት ነው።

ከስክሪፕቱ በፊት የተጻፈው አንደኛው ደብተርና የሁለተኛው ግማሽ ከጊት ተመለሰ። ያዳነችኝ ግን የአክስቴ ልጅ ናት። በተደጋገመ ሁለት ነጥቧ ስነጫነጭባት የኖርኩት ልጅ የወርድ ፋይሎቿን ፍላሿ ላይ እንዳሉ አስቀምጣቸው ነበር። «አመት» የምትለዋን በልማድ ብትስትም፣ የደብተሩን ድኅነት ድኅነት ብላ ነበር የጻፈችው፤ ያዕቆብንም ያዕቆብ። «አንተ ፕሮግራመር ነኝ አላልክም እንዴ?» ከማለት ሌላ ምንም አላለችኝም። የቀረው፣ እኔው ራሴ የጻፍኩት ወደ 20 ገጽ ግን የትም አልነበረም፤ ከየኔታ እጅ ጽሑፍ በቀር። ደብተሩን ይዤ መደቡ ላይ ለስድስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ተቀመጥኩ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ፊደል በፊደል እመልሳለሁ። እያንዳንዷን ቃል ከነምክንያቷ ነው የሚነግሩኝ፤ 20 ገጽ ስድስት ቀን የፈጀው ለዚያ ነው።

አሁን ከሴቭ በፊት ባለው በር ላይ የሚቆመው ጥቂት ነው። የተደገመ ሁለት ነጥብ አራት ነጥብ ይሁን፤ ሌላ ሊሆን አይችልምና። ቦታውን የሳተ ክፍተት ይውጣ። ከዚህ ያለፈ አንድም ነገር፣ በተለይ ሁለትን ነገር አንድ የሚያደርግ ነገር፣ እኔ ሳላየው እንዲያልፍ አልፈቅድም። የእናቴ ሰፌድ ገለባውን ነው የሚያወጣው፤ ገብስን ስንዴ አያደርግም። ሌላው ደንቤ ፍጥነት ነው። ሴቭ ሲባል አራት ሰከንድ የሚያስብ ፊደል አራሚ አይቻለሁ፤ ያን የሠራው ሰው መብራት የማይጠፋበት አገር የሚኖር መሆን አለበት። ከበሩ በፊት የሚቆም ነገር ዓይን ሳይጨፈን መጨረስ አለበት። ዘገምተኛው ሁሉ ወደ ኋላ በር ይሂድ፤ እዚያ ቢዘገይ እህሉ ገብቷል።

ያ ፊደል ሰብሳቢ ስክሪፕትም አልተጣለም። ቦታው ነው የተሳሳተው። ከሴቭ በኋላ ወዳለው በር አዛወርኩት፤ ዋናውን ፋይል አይነካም፤ ከጎኑ ሌላ ፋይል ይጽፋል፣ ፊደሉ ሁሉ የተሰበሰበበት። ስፈልግ የምፈልገው በዚያ ጥላ ፋይል ውስጥ ነው፤ የማነበው ግን ዋናውን። ደስ የሚለው፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ስልት ሠም ሰም፣ ኀም ሀም እኩል ሦስት ሦስት ባይት ቦታ ስለሚይዙ፣ በጥላው ውስጥ የተገኘች ቃል በዋናው ውስጥም በዚያው መስመር፣ በዚያችው ቦታ ላይ ትገኛለች። አንድም ፊደል አይዛነፍም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ለብቻዬ ስቄ እናቴ «ምን ሆንክ?» ትለኛለች።

ከጥላው አንድ ሌላ ጥቅም ወጣ። ሁለት ቃላት ዋናው ላይ ተለያይተው ጥላው ላይ አንድ ከሆኑ፣ ያ ማለት በሁለት ዓይነት የተጻፈ ቃል አለ ማለት ነው፤ ወይም ሁለት ዓይነት ቃል። ስክሪፕቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። ሴቭ ስል ከታች በኩል ዝርዝሩን ብቻ ያሳየኛል፤ ይህ ቃል ይህን ያህል ጊዜ እንዲህ፣ ያን ያህል ጊዜ እንዲያ። ፈራጁ ሌላ ነው።

ኢማክስንም ለጥቂት ሳምንታት ሞክሬው ነበር፤ አማርኛ መጻፊያ ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ። በዓለም ቋንቋዎች ሰላም የሚል አንድ ፋይል አለው፤ ከፍቼ አማርኛውን ፈለግኩ። «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። ለየኔታ በስልኬ አሳየኋቸው። «በእሳቱ ሰ ነው» አሉ፤ ቆይተው ደግሞ «እሱስ፣ ሰላም ካለ ይሁን» አሉ።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን ደብተር ጨርሼ ሴቭ ስል ዝርዝሩ «ዓመት» 41፣ «ዐመት» 6 አለኝ። የአክስቴ ልጅ ናት ብዬ ነበር፤ ደብተሩን ሳየው ግን የራሳቸው የየኔታ እጅ ነው። ስድስቱም አንደኛው ደብተር ላይ ናቸው። ሰው ሲሳሳት ማሳየት ለእኔ አዲስ ሥልጣን ስለሆነ ትንሽ ኮራ ብዬ ሄድኩ።

የኔታ ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይህን የጻፍኩት ጎጃም፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። መምህሬ እንዲህ ነበር የሚጽፉት» አሉ። ጣታቸውን ዐ ላይ አቆይተው «ተዋቸው» አሉኝ።

ስክሪፕቱ ግን በየሴቩ መጠየቁን አይተውም። ስለዚህ እንዳይጠይቅ የተነገረውን ቃል የሚያነብበት አንድ ትንሽ ፋይል ከፈትኩለት። ስሙን «ተዋቸው» አልኩት። እስከ ዛሬ ጠዋት 11 ቃል ገብቶበታል፤ አራተኛው ደብተር ገና አልተነካም።